አንድ ፑኮ እስኪያልቅ፦ የሰሜን ቢላዎችን ጎን ለጎን ያሠራሁበት ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

ጠረጴዛው ላይ አራት ቢላዎችና እጀታ ያልገባለት አንድ የፊንላንድ ብረት አሉ። ዕቅዱ ለባዶው ብረት ከበርች ዛፍ ቅርፊት እጀታ ሠርቼለት ሙሉ ፑኮ፣ ማለትም የፊንላንድ ባህላዊ ቢላ፣ ማድረግ ነው። እግረ መንገዴን የስዊድኑን፣ የኖርዌዩን፣ የፊንላንዱንና የሳሚዎቹን (የሰሜኑ ነባር ሕዝብ) ቢላዋ እያፈራረቅሁ በማሠራት ልዩነታቸው ምኑ ላይ እንደሆነ በእጄ ማወቅ እፈልጋለሁ። ስለነዚህ ቢላዎች የሚወራው አብዛኛው ስለ ውበታቸው ነው፤ ስለ ናስ ቀለበቱ፣ ስለ ቀንድ ቅርጻ ቅርጹ፣ ስለ ቆዳው ጌጥ። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ግን እንጨት ውስጥ ሲገቡ ምን ይሆናሉ የሚለው ነው።

የምሠራው ሰሜን ስዊድን፣ ኡሜዮ ከተማ፣ የሠፈር ሰዎች በጋራ ተከራይተን በያዝነው የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ኡሜዮ በ1888 በእሳት ከጋየች በኋላ፣ እሳቱ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዛመት ተብሎ በየመንገዱ በርች ተተከለባት፤ እስከ ዛሬ «የበርች ከተማ» ነው የምትባለው። ያም ሆኖ ከመንገድ ዳር ዛፍ ቅርፊት መላጥ የለም። በስዊድን ማንም ሰው የሌላ ሰው ጫካ ገብቶ እንጉዳይና የዱር ፍሬ መልቀም ይችላል፤ የቆመ ዛፍ መላጥ ግን ባለቤቱ ካልፈቀደ አይቻልም። እኔ የያዝኩት ባለፈው በጋ ከተቆረጡ ግንዶች የተላጠ ነው። ዛፉ ውሃ በሚስብበት ወራት፣ በሰኔ አካባቢ፣ አንዴ በቢላ ጫፍ ከተሰነጠቀ ቅርፊቱ በእጅ ብቻ ይለቃል። በሌላ ጊዜ ሞክሩትና ብጥስጣሹን ነው የምታገኙት።

ስለ ቢላዎቹ ትንሽ። አንደኛው ቀይ ቀለም የተቀባ የእንጨት እጀታ ያለው ሞራ ነው። አገሩ ዳላርና የሚባለው የስዊድን ክፍል፣ ከሞራ ከተማ አጠገብ ያለችው ኦስትኖር መንደር። ፍሮስት-ኤሪክ ኤርሾን የሚባል ሰው በ1891 ከአሜሪካ ተመልሶ እዚያ የግንድ መጎተቻ ሸርተቴ የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመ። ቢላዋው የጎን ሥራ ነበር፤ በኋላ ሸርተቴው ቀርቶ ስሙን ያስጠራው ቢላዋው ሆነ። በ1912 እዚያው መንደር ሌላ ቢላ ሠሪ ተነሣ፤ ሁለቱ በ2005 ተዋህደው ዛሬ ሞራክኒቭ የምንለው ድርጅት ሆኑ። ሁለተኛው ቢላዋም ከዚያው ቤት የወጣ ነው፤ የፕላስቲክ እጀታ ያለው ኮምፓንየን። እዚህ አገር ግንበኛውም፣ ኤሌክትሪክ ሠሪውም፣ ቀለም ቀቢውም ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለው እሱን ወይም ወንድሙን ነው። ዋጋው ምግብ ቤት ገብቶ ምሳ ከመብላት ብዙም አይበልጥም።

ሦስተኛው ሄለ ነው፤ ምዕራብ ኖርዌይ፣ ፊዮርድ ዳር ባለችው ሆልሜዳል ከ1932 ጀምሮ የሚሠራ። ብረቱ ሦስት ንብርብር ነው፤ መሐሉ ጠንካራ፣ ግራና ቀኙ ለስለስ ያለና የማይዝግ። አራተኛው ግዙፉ ነው፣ የሳሚዎቹ ሌኡኩ። ቤተሰቡ ሬንዲር (የሰሜን አገር አጋዘን) የሚያረባ የሥራ ባልደረባዬ «ብቻ አትስበረው» ብሎ አዋሰኝ። ብረቱ ብቻውን 22 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ሰኞ ማታ

ዛሬ ልኬት ብቻ። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ)፣ እርሳስ፣ ወረቀት።

የነዚህ ሁሉ የጋራ ጠባይ አሳሳላቸው ነው። ብረቱ ከጀርባው ጀምሮ ውፍረቱን እንደያዘ ይወርድና ከታችኛው ሲሶ ገደማ ላይ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጠፍጣፋ ተዳፋት ይጀምራል፤ ሁለቱ ተዳፋቶች የሚገናኙበት መስመር ራሱ ስለቱ ነው። ሌላ ሁለተኛ ትንሽ ተዳፋት የለም። የወጥ ቤት ቢላ እንዲህ አይደለም። እሱ ከጀርባው እስከ አፉ ድረስ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይወርድና መጨረሻዋ ጠርዝ ላይ ብቻ ይሳላል።

ማዕዘኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የብረቱን ውፍረት ግማሽ ለተዳፋቱ ስፋት ማካፈል ነው፤ የሚገኘው የግማሹ ማዕዘን ሳይን ነው። ቀዩ ሞራ 2 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ተዳፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ሙሉው ማዕዘን 23 ዲግሪ። ኮምፓንየን 2.5 በ6፣ 24 ዲግሪ። ሄለ 3 በ7.5፣ 23 ዲግሪ። የፊንላንዱ ብረት ተዳፋቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ወፍራም ነው፤ ተዳፋቱ ግን 10 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ እሱም 23 ሆኖ አረፈው። ወጣ ያለው ሌኡኩ ብቻ ነው፤ 4 በ8፣ 29 ዲግሪ።

ይኼ ውጤት ትንሽ ጊዜ አስቀመጠኝ። ሦስት አገር፣ አራት ቢላዋ፣ ማዕዘናቸው አንድ ሊባል ምንም አይቀረው። ታዲያ እጅ ላይ ለምን ይለያያሉ? ግምቴን ዛሬ እጽፈዋለሁ፣ ረቡዕ እንጨት ላይ አየዋለሁ፦ ነገሩ ያለው ማዕዘኑ ላይ ሳይሆን የተዳፋቱ ስፋት ላይ ነው።

የፊንላንዱን ከፊት ለፊት፣ ከጫፉ በኩል፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት ያስፈልጋል። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ወገቡ ላይ ወፍሮ ወደ ጀርባው መልሶ ይሳሳል። ቢላዋው ጠልቆ ሲገባ እንጨቱን የሚነካው ወገቡ ብቻ ስለሚሆን ጀርባው ሳይታነቅ ያልፋል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ጥሩ ቀጥቃጭ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። በተራ የብረት ሉህ ይህን ቅርጽ ማውጣት ብዙ ማስወገድ ይጠይቃል፤ በመዶሻ ግን ራሱ ቅጥቀጣው ያመጣዋል።

ረቡዕ ማታ

እርጥብ በርች፣ ደረቅ በርች፣ ውጭ የከረመ የጥድ ቅርንጫፍ። ባዶው ብረት እጀታ ስለሌለው ጭራውን፣ እጀታ ውስጥ የሚገባውን ክፍል፣ ጨርቅ ጠቅልዬ ሁለት ቁራጭ እንጨት መሐል በገመድ አሰርኩት፤ ለመሞከር ይበቃል።

ግምቱ ልክ ነበር። የፑኮው ተዳፋት 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንጨቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተኛ ቢላዋው እንደ መላጊያ ይሄዳል፤ እጄን ትንሽ ከፍ ሳደርግ ጠልቆ ይገባል፣ ዝቅ ሳደርግ ይወጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ያለው ረጅም ቅርፍት ይወጣዋል። ቀዩ ሞራ በዚያው ማዕዘን ያንኑ ይቆርጣል፣ ግን የሚያሳርፈው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ መስመር መጠበቁ የእጅ ሥራ ይሆናል። በአንጻሩ የማንኪያ አንገት ላይ፣ ጠባብ ቅልበሳ ባለበት፣ ሞራው ቶሎ ይዞራል፤ ፑኮው ግን ወገቡ እየወፈረበት ቅልበሳው ውስጥ ይቸነከራል። ስለዚህ «የቱ ይሻላል» ለሚል ሰው መልሴ ጥያቄ ነው፦ ቀጥ ያለ ነው የምትሠራው ወይስ ጎባጣ?

ሄለ መሐል ላይ ነው። እጀታው ሆዳም ነው፤ መዳፍ ይሞላል፣ ለረጅም ሰዓት ሥራ ደግ ነው። ጣትን ወደ ስለቱ አስጠግቶ ለመያዝ ግን ከሞራው ያነሰ ምቾት አለው።

ሌኡኩ ላይ በቅርፍት መፍረድ ግፍ ነው። ውጭ ወጥቼ የጥድ ቅርንጫፎችን መታሁበት፤ አውራ ጣት የሚያህሉት በአንድ ምት ይሄዳሉ። ደረቅ ግንድ ላይ አስቀምጬ ጀርባውን በዱላ ስመታው ማገዶውን ያለ መጥረቢያ ይሰነጥቃል። ባልደረባዬ እንደነገረኝ ቤተሰቡ ሌኡኩን ብቻውን አይዙም፤ አጠገቡ ትንሽ ቢላ አለች። ትልቁ ለማገዶ፣ ለድንኳን እንጨት፣ አጥንት ለመስበር፤ ትንሿ ለሥጋ፣ ለቆዳ፣ የሬንዲር ጆሮ ላይ የባለቤትነት ምልክት ለመቁረጥ። ጫካ የሌለበት ከፍታ ላይ ቁጥቋጦ በርች ብቻ በሚገኝበት አገር መጥረቢያ መሸከም ትርፍ ጭነት ነው።

ስለ 29 ዲግሪው ደግሞ የጥዱ ጉጥ መለሰልኝ። ጥላ ውስጥ የነበረው ቅርንጫፍ ገና እንደ በረደ ነው፤ የኮምፓንየኑ ስለት ጉጡን ሲያገኝ ፀጉር በምታክል ቦታ ላይ ተጣጠፈ፤ በብርሃን ፊት ሳገላብጠው ነጭ ነጥብ ሆኖ ታየኝ። ሌኡኩ ምንም አልሆነም። ቀጭን ማዕዘን ለስላሳ ነገር ይወዳል፤ ውርጭ የያዘው ጉጥ ድንጋይ ማለት ነው።

ሐሙስ

ቤት ውስጥ እየሠራሁ ሳለ ልጄ መጣችና ቆማ አየችኝ። አምስተኛ ክፍል ናት፤ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ላይ ከበርች የቅቤ ቢላ ሠርታ አምጥታለች።

«አባዬ፣ በቀኝህ አትግፋ። የግራህ አውራ ጣት ነው የሚገፋው።»

እውነቷን ነው። ቀኝ እጅ ቢላውን ይመራል፣ እንጨቱን የያዘው ግራ እጅ አውራ ጣቱን በቢላዋው ጀርባ ላይ አድርጎ ይገፋል። ኃይሉ ትልቅ፣ ጉዞው አጭር፤ ቢላዋው ቢያመልጥ እንኳ የሚሄደው ጣት እስከዘረጋ ድረስ ብቻ ነው። ማገጃ የሌለው እጀታ ሰውን ለምን እንደማያሰጋ የገባኝ ያኔ ነው። ወደ ፊት ወግቶ የሚሠራ ሰው ጣቱ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ማገጃ ያስፈልገዋል፤ ፑኮና ሞራ ግን የሚሠሩት በመላጥ ስለሆነ ማገጃው እንዲያውም አውራ ጣቱን ከቦታው ያባርረዋል።

እዚህ አገር የእጅ ሥራ ትምህርት ጨዋታ አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ ኡኖ ሲግኔውስ በ1866 በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግዴታ እንዲሆን አስደረገ። ስዊድን ውስጥ ደግሞ ኦቶ ሳሎሞን ኔስ በሚባል ርስት ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፍቶ ከብዙ አገር የመጡ መምህራንን አስተማረበት። የሥልጠናው የመጀመሪያ መሣሪያ ቢላዋ ነበር። ልጄ ሳታውቀው በዚያ መስመር ላይ ቆማ ነው አባቷን የምታርመው።

ሰኞ፣ የፋሲካ ማግስት ወሬ

ትናንት ቢላዎቹን ይዤ ወዳጄ ቤት ለፋሲካ ሄድኩ። በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ፣ ከታች፣ ተጠቅልለው። በስዊድን ከ1988 ጀምሮ ያለው ሕግ በሕዝብ ቦታ ቢላ መያዝን ይከለክላል፤ ለሥራ ወይም ለመሰል በቂ ምክንያት ካልሆነ በቀር። ግንበኛ በወገቡ ይዞ ምሳ ቢገዛ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ቅዳሜ ማታ መሐል ከተማ ግን ሌላ ነገር ነው። ፊንላንድም ተመሳሳይ ነው። እንዲያውም እነሱ ከታሪክ ያተረፉት ነገር አለ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደቡብ ኦስትሮቦትኒያ ውስጥ ሠርግ እየበጠበጡ በፑኮ የሚዋጉ «ፑኮዩንካሪ» የሚባሉ ጎረምሶች አገሩን አስቸግረው ነበር። ዛሬ የፑኮ ከተማ ተብላ የምትታወቀው ካውሃቫ የምትገኘው በዚያው አገር ነው። ኢሳኪ ያርቬንፓ እዚያ በ1879 የቢላ ሥራውን ጀመረ፤ በፈረስ ራስ ቅርጽ የተሠራ የናስ እጀታ ጫፍ ያለው ፑኮ ከዚያ ቤት ነው የወጣው።

ሙከራው ወጥ ቤት ተጀመረ። ወዳጄ የኖርዌዩን ቢላ፣ ሄለውን፣ ይዞ ሽንኩርት ላይ ገባ።

«ኧረ ይሄ አይቆርጥም፣ ይፈልጣል እንጂ!»

ግማሹ ድረስ ቆርጦ የቀረው በኃይል ቋ ብሎ ተከፈለ። ካሮት ላይማ ባሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስለቱ የፈለገውን ያህል ይሳል፣ ከስለቱ 7 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለ፤ ጠንካራና ደረቅ አትክልት ያን ውፍረት የሚያሳልፈው ተሰንጥቆ ነው። በነገራችን ላይ ይኼ ራሱ ጠባይ ነው ማገዶ ላይ ጥሩ የሚያደርገው።

ሥጋ ላይ ግን ታሪኩ ተለወጠ። ሥጋ ለስላሳ ስለሆነ ይለቃል፣ ውፍረቱ አይሰማም። ቁርጡ ሲቀርብ ወዳጄ እንደ ባላገር ወግ ሥጋውን በጥርሱ ነክሶ፣ በግራ እጁ ወጥሮ፣ ቀዩን ሞራ ከታች ወደ ላይ ከከንፈሩ ሥር አሳለፈው። አጭርና ቀጥ ያለ ስለት ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ጫፉ ዓይን አካባቢ አይንከራተትም። «ለቁርጥ ይሁን፣ ለሽንኩርት ይቅር» አለና ፈረደ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ እኔ አልጻፍኩም።

ሥጋውና ሽንኩርቱ ሞራውን ሰማያዊና ግራጫ አቅልመውታል። ይኼ ዝገት አይደለም፤ የካርቦን ብረት ነው፣ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ቆዳ ነው፤ ቀይ ዝገትን በመጠኑም ቢሆን ይከላከላል። አጥቦ ማድረቅ ብቻ።

ማክሰኞ ማታ

ናስ። ከእጀታው ፊት የሚቀመጠው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ።

ከጠቅላላው ሥራ የሚፈትነው ይኼ ነው፤ ቅርፊቱ አይደለም። ጭራው የሚያልፍበት ቀዳዳ ክብ አይደለም፤ ጠባብና ረጅም ነው፣ ብረቱ ደግሞ ትከሻው ላይ፣ ከጭራው ጋር በሚገናኝበት፣ ይወፍራል። በመሰርሰሪያ ጎን ለጎን ትናንሽ ቀዳዳዎች በሳሁ፣ በመሐላቸው የቀሩትን ግድግዳዎች በቀጭን ሞረድ አፈረስኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። የብረቱን ትከሻ በማርከር ጥቁር አድርጎ ናሱን ማስገባት፣ ማውጣት፣ ናሱ ላይ ጥቁር ነጥብ የታየበትን ቦታ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ በሞረድ መዳበስ፣ እንደገና ማጥቆር። ናሱን ወደ መስኮት ይዤ ስመለከት ከብረቱ ዳር ምንም የብርሃን ክር እስከማይታይ ድረስ። ፋብሪካ የሠራቸው ርካሽ ፑኮዎች ላይ ይህን ቦታ እዩት፤ ክፍተቱን ሙጫ ሞልቶት ታገኙታላችሁ። ክፍተት ካለ ውሃ ይገባል፣ ውሃ ከገባ ጭራው ከውስጥ ይዝጋል፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን እጀታው እጅ ላይ ይቀራል።

ዓርብ

ቅርፊቱን 3 በ4 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ቆራረጥኩ። ከላይ ያለውን ነጩን፣ እንደ ወረቀት የሚላጠውን ክፍል በቢላ ፈቅፍቄ አነሳሁ፤ የሚፈለገው ከሥር ያለው ቡናማና ጠንካራው ነው። በየቁራጩ መሐል በጠባብ መሮ ስንጥቅ አወጣሁ፤ ከጭራው ትንሽ ጠበብ ያለ፣ ሲገባ እንዲቸነክር።

አገባቡ እንዲህ ነው። ብረቱ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በሁለት እንጨት መሐል ሞርሳ ላይ ይያዛል፣ ናሱ ይቀመጣል፣ ከዚያ ቅርፊት በቅርፊት ላይ። አንዱ በቁመት ከሆነ ቀጣዩ በአግድም፤ ቅርፊት ሲደርቅ በአንድ አቅጣጫ የመጠቅለል ጠባይ ስላለው፣ ሲፈራረቅ አንዱ የሌላውን ይይዘዋል። መሐሉ የተቦረቦረ እንጨት ላዩ ላይ አድርጌ በመዶሻ ወደ ታች እጠጋጋለሁ። ሥራ ቤቱ በሙሉ የጭስና የሬንጅ ዓይነት ሽታ ያዘው፤ ሽታው ያለው ራሱ ቅርፊቱ ውስጥ ነው፣ ምንም አልተቀባም። በርች ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ቤቱሊን የሚባል ነጭ ነገር ነው ውሃ የማያስገባው። በርች በወደቀበት ጫካ እንጨቱ በስብሶ ዱቄት ሲሆን ቅርፊቱ ባዶ ቱቦ ሆኖ ይቀራል፤ እዚህ የሚኖር ሰው ሁሉ አይቶታል።

ቁመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ከላይና ከታች ጠንካራ እንጨት አድርጌ በሁለት ረጅም ብሎኖች ጠረቅኩት። በየማታው ዳዶዎቹን ግማሽ ዙር አጠብቃለሁ። ያ 12 ሳንቲ ሜትር ወደ 10.5 ይወርዳል፣ ከዚያ ተጨማሪ ቅርፊት ይገባል።

ሙጫ ነገር ተነሥቶ ክርክር ሆነ። የሥራ ቤቱ አዛውንት ሙጫ አያስፈልግም ባይ ናቸው፤ ጫናው ይበቃል ይላሉ። ወጣቶቹ ኢፖክሲ የሚባለውን የፕላስቲክ ሙጫ በየንብርብሩ ይቀባሉ። እኔ ከአዛውንቱ ጋር ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ቅርፊት ሲነካ የሚሞቀውና ሲረጥብ የሚይዘው ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ መሐሉ ፕላስቲክ ካስገባንበት ኮምፓንየኑን መግዛት ይቀላል።

ስለ ሙቀት ካነሣን፣ የነዚህ አገሮች ባህላዊ ቢላዎች ሁሉ ጭራቸው በእጀታው ውስጥ ተደብቆ የሚያልፈው በከንቱ አይደለም። ኡሜዮ በጥር ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲሆን የተጋለጠ ብረት ጓንት የሌለው እጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ አንድ ጊዜ የነካው አይረሳም። የብረቱ ሙሉ ስፋት በእጀታው ውስጥ የሚያልፍባቸው ዘመናዊ ቢላዎች ጥንካሬያቸው አያከራክርም። ግን ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ ብረቱን አጋልጠው ይተዉታል።

በሚቀጥለው ሐሙስ

ብሎኖቹ ተፈቱ። ቅርፊቱ አንድ አካል ሆኗል፤ በጥፍር ንብርብሩ መሐል ለመግባት ብሞክርም አልተቻለም።

ከላይ ትንሽ የናስ ሮንዴላ አደረግሁ፤ ጭራው ከሮንዴላው በላይ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲወጣ በሞረድ አሳጠርኩት። ብረቱ ስለቱ አካባቢ ጠንካራ ነው፤ ጭራው ግን ለዚህ ተብሎ ለስላሳ ተትቷል። በትንሽ መዶሻ፣ መሐሉን ሳይሆን ዳር ዳሩን፣ ቀስ እያሉ መምታት። ጫፉ ቀስ በቀስ እንጉዳይ ራስ አውጥቶ ሮንዴላው ላይ ተኛ። አሁን ይህ እጀታ ካልተሰበረ በቀር አይወጣም።

ቅርጹን ያወጣሁት በቀዩ ሞራ ነው። ከዚያ በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም በለስላሳው። ንብርብሮቹ ቡናማና ጥቁር መስመር እየሆኑ ወጡ። ከስለቱ በኩል ጠበብ፣ መሐል ላይ ወፈር፣ ጫፉ ላይ እንደገና ጠበብ አልኩት። ዘይትም ቫርኒሽም አልቀባሁም፤ የእጅ ላብና ቅባት ራሱ ያበስለዋል።

ቅዳሜ

ስለት። የእነዚህ ቢላዎች ትልቁ ጸጋ እዚህ ነው ያለው፤ ማዕዘን መገመት የለም። ተዳፋቱን በሙሉ ድንጋዩ ላይ ማስተኛት፣ ሁለት ጣት ተዳፋቱ ላይ መጫን፣ መግፋት። ተዳፋቱን በማርከር አጥቁሬ በ1000 ቁጥር ድንጋይ ጀመርኩ። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባው ላይ ተጭኛለሁ ማለት ነው፣ ከታች ብቻ ከለቀቀ አንስቼዋለሁ ማለት ነው። እኩል ሲለቅና በሌላው ጎን ጥፍር የሚይዝ ስስ የብረት ጠርዝ ሲወጣ መገልበጥ። ከዚያ 3000፣ ከዚያ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተቱ መጥረግ።

እዳውም እዚሁ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ተዳፋት ላይ ትንሽ ጉድፍ ለማጥፋት ከጠቅላላው ተዳፋት ብረት መውሰድ ያስፈልጋል፤ የኮምፓንየኑ 6 ሚሊ ሜትር በግማሽ ጊዜ ያልቃል። ለዚህ ነው ኮምፓንየኑን ለሻካራ ሥራ ትቼ መጨረሻ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጌ በጣም ጠባብ ሁለተኛ ተዳፋት የሰጠሁት። ጠንቃቆቹ ይቆጡ ይሆናል። ጉጡ ላይ ግን ከዚያ በኋላ አልተጣጠፈም።

ማክሰኞ

አፎቱ። በአትክልት የተለፋ 2.5 ሚሊ ሜትር ቆዳ፣ ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ፣ ቢላዋው በቀጭን ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጡ ገብቶ፣ ከጀርባ በሁለት መርፌ በሰም ክር ተሰፋ። ስለቱ የሚገባበት ክፍል ውስጥ የእንጨት ልባስ አለ፤ ያለዚያ ጫፉ ቆዳውን ይበሳል። የፑኮ አፎት ማሰሪያም ቁልፍም የለውም፤ ቆዳው እጀታውን እስከ ግማሹ ድረስ ውጦ ስለሚይዘው ነው የማይወድቀው። የኖርዌዩም ተመሳሳይ ነው። ሞራው ግን በፕላስቲክ አፎት ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ በረዶ ሲገባበት ከታች ባለው ቀዳዳ ይፈሳል፣ ቆዳ ደግሞ ይነክረዋል። እኔ ቆዳውን እወዳለሁ፤ ጀልባ ላይ የሚውል ሰው ግን ፕላስቲኩን ይያዝ።

በእጀታው ሆድ ዙሪያ እርጥቡን ቆዳ በአጥንት ቁራጭ እየዳመጥኩ ቅርጹን አስያዝኩት። ይድረቅ።

ዓርብ ማታ

ፑኮው ከአፎቱ ሲወጣ አጭር «ጧ» ይላል፤ ልክ ነው ማለት ነው። እርጥብ እጅ ይዤ በርች ላጥኩበት፣ አልተንሸራተተም። ከቀዩ ሞራ ጎን አሠራሁት። ቀጥ ያለ ሥራ ላይ ፑኮው ይበልጣል፤ ማንኪያው ላይ አሁንም ሞራውን ነው የማነሣው፣ ያውም ደስ እያለኝ። ለጀማሪ የትኛውን ልግዛ ለሚለኝ ሰው መልሴ ኮምፓንየን ወይም ቀዩ ሞራ ነው፤ ስለት መሳል እሱ ላይ ይለመድ፣ ቢበላሽም የሚያስለቅስ ዋጋ የለውም። ሄለ ለአደንና ለዓሣ የሚወጣ ሰው ቢላ ነው፤ አይዝግም፣ እጅ ይሞላል።

ሌኡኩን ሰኞ እመልሳለሁ። በዱላ የመታሁበትን ጀርባውን አጸዳሁ፣ ስለቱን በቆዳ ብቻ ጠረግሁት። ወደ 23 ዲግሪ ላውርደው ወይ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎብኝ ነበር፤ የሰው ንብረት ነው፣ ማዕዘኑም ቢሆን የባለቤቱን ማገዶ ያውቃል። አፎቱ ላይ የቀረኝ የቀበቶ ማንጠልጠያው ነው፤ ቆዳው ተቆርጧል፣ ክር አልቆብኛል።